ፍየል ማገድ፦ ጉረኖው ከመከፈቱ በፊት ጀምሮ እስኪዘጋ ድረስ ያለው ሥራ በቅደም ተከተል

ፍየል ማገድ የጀመሩ ሰዎች የሚያሰሙት ሮሮ ከሦስት አያልፍም። «ይበተኑብኛል፣ መሰብሰብ አቃተኝ»፤ «ዓይኔን ዘወር ሳደርግ ሰብል ውስጥ ገቡ»፤ «ማታ ጠግባ የገባችው ጠዋት ሞታ ተገኘች»። ሦስቱም ከአንድ ስሕተት የሚመጡ ናቸው፦ ፍየልን እንደ በግ ከኋላ እየነዱ ሣር ላይ ለማዋል መሞከር። ፍየል አንገቷን ቀና አድርጋ ከቁጥቋጦ ወደ ቁጥቋጦ እየተዘዋወረች ቅጠል የምትቀነጥብ እንስሳ ናት። የእረኛው ቦታ ስለዚህ ከፊት ነው። ከሥራውም ግማሹ የሚያልቀው ጉረኖው ሳይከፈት ነው።

ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። ገና ጀማሪ ከሆናችሁ ከ 15 የማይበልጡ ፍየሎች ይዛችሁ ጀምሩ፤ ቁጥሩን ማሳደግ በኋላ ይደርሳል።

ደረጃ 1፦ ማሰማሪያውን ያለ ፍየል ዙሩት

ከአንድ ቀን በፊት ብቻችሁን ሂዱና ቦታውን በእግር አዳርሱት። መንጋ እየጠበቁ መሬት ማጥናት አይሆንም፤ ወይ ፍየሉን ታያላችሁ ወይ መሬቱን። የምትፈልጉት ይህን ነው።

ውሃ። የሚፈስ ወይም በገንዳ የሚቀዳ ይሁን። ዳሩ ረግረግ የሆነ፣ ቀንድ አውጣ የሚበዛበት ኩሬ የጉበት ትል ምንጭ ስለሆነ ተዉት። አንድ ትልቅ ፍየል እንደ ሙቀቱና እንደምትበላው ነገር በቀን ከ 4 እስከ 10 ሊትር ልትጠጣ ትችላለች። የምታጠባ ከሆነች ወደ ላይኛው ቁጥር ትጠጋለች።

ጥላ። መንጋው በሙሉ ሳይጋፋ ተኝቶ የሚያመሰኳበት ስፋት ይኑረው።

የሰብል ወሰን። ማሳው በየት በኩል እንደሆነ፣ በእናንተና በማሳው መካከል ምን እንዳለ ልብ በሉ። ቀኑን ሙሉ የምትቆሙበት ቦታ የሚወሰነው በዚህ ነው።

ጉድጓድ፣ ሽቦና ፌስታል። ያልተከደነ ጉድጓድ እግር ይሰብራል፤ የወደቀ የአጥር ሽቦ ቀንድ ይይዛል። ፌስታልና የገመድ ቁራጭ ደግሞ ከተዋጠ በኋላ ሆድ ውስጥ ስለማይፈጭ እየተጠቀለለ ይከማቻል፤ ፍየሏ ሆዷ ሞልቶ እያለ ትከሳለች። ለቅማችሁ ቅበሩት።

መርዛም ተክል። የጉሎ ፍሬ፣ የአቮካዶ ቅጠል፣ የወፍ ቆሎና ለጌጥ የሚተከለው ኦሊያንደር ፍየል ሊገድሉ ይችላሉ። ከሁሉ ይልቅ ሰውን የሚያታልለው ማሽላ ነው፤ መኖ ይመስላላ። ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር ያልደረሰ፣ ድርቅ የመታው ወይም ከታጨደ በኋላ እንደገና ያቆጠቆጠ ማሽላ በውስጡ ሲያናይድ የሚፈጥር ነገር ስላለ በደቂቃዎች ውስጥ ሊጥል ይችላል። «ፍየል መርዙን ታውቀዋለች» የሚለውን አትመኑ። የተራበች ፍየል፣ ለቦታው እንግዳ የሆነች ፍየልና ግልገል አይለዩም።

ቦታውን አይታችሁ ስትጨርሱ በአእምሯችሁ ቢያንስ ዘጠኝ ላይ ክፈሉት። ምክንያቱ ትል ነው። ደም መጣጩ የጨጓራ ትል እንቁላሉን የሚበትነው በበጠጥ (በፍየሏ እዳሪ) ነው፤ እርጥበትና ሙቀት ካገኘ በ 5 ቀን ገደማ ውስጥ እንስሳ ሊይዝ የሚችል እጭ ይሆናል። በአንድ ክፍል ከ 4 ቀን በላይ አትቆዩ፤ ወደዚያው ክፍል ከ 1 ወር በፊት አትመለሱ። ዘጠኝ ክፍል በአራት በአራት ቀን ሲሆን እያንዳንዱ ክፍል 32 ቀን ያርፋል። ቀዝቃዛና እርጥብ በሆነ ወቅት እጩ ለወራት ሊቆይ ስለሚችል ክፍሎቹን ብታበዙ ይሻላል።

ደረጃ 2፦ መንጋውን በመልክ እወቁ፣ ጥሪ አስተምሩ

ሁለት ሳምንት የሚፈጅ ሥራ ነው። ብዙዎች የሚዘሉት ይህን ነው፤ «ይበተኑብኛል» የሚለው ሮሮም የሚመጣው ከእነሱ ነው።

1. እያንዳንዷን ፍየል በአንድ ምልክት ያዙ፦ የቀንድ ቅርጽ፣ የጆሮ ቀለም፣ የአካሄድ ለዛ። ስም ብታወጡላቸው ደግሞ የተሻለ ነው፤ ስም ያላት ፍየል ስትጠፋ ቶሎ ትታወቃለች።

2. መሪዋን ለዩ። ብዙ ጊዜ ዕድሜዋ የገፋ እናት ፍየል ናት፤ በር ሲከፈት ቀድማ ትወጣለች፣ ስትዞር ሌሎቹ ይዞራሉ። ቃጭል እሷ ላይ እሰሩ። ሁለተኛ ቃጭል ካላችሁ መነጠል ለምትወደዋ ይሁን። የቃጭሉን ድምፅ ስትለምዱት ሳታዩ ትሰማላችሁ፦ ዝግ ያለና የሚቆራረጥ ከሆነ እየበሉ ነው፣ የተጣደፈ ከሆነ አንድ ነገር አባሯቸዋል፣ ዝም ካለ ወይ ተኝተዋል ወይ ርቀዋል።

3. ጥሪ አስተምሩ። አንድ ድምፅ ምረጡ፦ ፉጨት ወይም የራሳችሁ ጩኸት። በየማታው ያንን ድምፅ አሰሙና ወዲያው ትንሽ ጨው አቅምሷቸው። ለ 14 ቀን ቦታውንም ድምፁንም አትቀይሩ።

ማስጠንቀቂያ። ጠርታችሁ ያመጣችኋትን ፍየል ይዛችሁ መርፌ አታስወጉ፣ ሰኮና አትከርክሙ። ለሕክምና የምትያዝ ፍየል በጉረኖ ውስጥ ትያዝ። አንዴ የተታለለች መሪ ሁለተኛ ጥሪ አትሰማም፤ እሷ ካልመጣች ደግሞ መንጋው አይመጣም።

ጥሪው ካልያዘ፦ ጨውን ከጉረኖ አንሱ። ሌላ ጊዜ እንደልባቸው የሚልሱት ከሆነ ከእጃችሁ ምን ያስፈልጋቸዋል?

አዲስ የተገዛች ፍየል ወዲያው ከመንጋ አትቀላቅሉ። ከ 3 እስከ 4 ሳምንት ለብቻዋ አቆይታችሁ ሳል፣ ተቅማጥ፣ የአፍ ቁስል ወይም እከክ እንደሌለባት እዩ። ደስታ መሰል በሽታን (የበግና የፍየል ወረርሽኝን) የመሰሉ ተላላፊዎች መንጋ የሚገቡት አብዛኛውን ጊዜ በአዲስ እንስሳ ነው። ስለ ክትባቱ ቀድማችሁ የእንስሳት ሐኪም አማክሩ።

የእረኛው ኮሮጆ

ጨው፣ 3 ሜትር ገመድ፣ ቢላ፣ ግማሽ ሊትር የምግብ ዘይት፣ አዮዲን፣ ጓንት፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ለራሳችሁ ውሃ፣ እርሳስና ትንሽ ደብተር፣ ባትሪው የሞላ ስልክ ከሐኪሙ ቁጥር ጋር። ዘይቱን «ዛሬ አያስፈልግም» ብላችሁ አትተዉ።

ደረጃ 3፦ ጠዋት፣ በሩ ሳይከፈት

ሀ. ቆማችሁ እዩ። ሳትረብሹ ከውጭ ለጥቂት ደቂቃ ተመልከቱ። ሌሎቹ ሲነሡ የተኛች፣ ጀርባዋን የጎበጠች፣ ጥግ ይዛ ራሷን ያቀረቀረች ፍየል ካለች ዛሬ አትወጣም። መሬቱንም እዩ፦ ጤነኛ በጠጥ እንክብል ነው፤ የተላቆጠ ወይም ውሃ የሆነ ካለ የማን እንደሆነ ፈልጉ።

ለ. ቤት የሚቀሩትን ለዩ። እነዚህ ናቸው፦
- ከአውራ (ከሚያስረግዘው ወንድ ፍየል) ከተገናኘች 143 ቀን ያለፋት እርጉዝ (እርግዝናው በአማካይ 150 ቀን ነው፤ ጥቂት ቀን ሊቀድም ይችላል)፤
- ከ 1 ወር በታች ያለ ግልገል፤
- የታመመችና የምታነክስ።

ግልገልን ማስቀረት የእግሩ ድካም ብቻ አይደለም። ግልገል በተፈጥሮው ተደባቂ ነው፤ ቁጥቋጦ ሥር ይተኛና መንጋው ሲሄድ ድምፅ ሳያሰማ እዚያው ይቀራል። እናቱም ማታ ጡቷ እስኪወጠር ድረስ ላታስታውሰው ትችላለች።

ሐ. ባዶ ሆድ አታውጡ። እርጥብና ለምለም ቅጠል ወዳለበት የምትሄዱ ከሆነ መጀመሪያ ጥቂት ድርቆሽ አብሏቸው። የተራበ ሆድ ላይ በችኮላ የገባ ለምለም መኖ ነው ሆድ የሚነፋው።

መ. ጤዛው ይድረቅ። የትሉ እጭ በጤዛው እየዋኘ የሣሩን ቅጠል ይወጣል፤ ፀሐይ ሲበረታ ይወርዳል። በደረቅ ወቅት ማልዶ መውጣት አይጎዳም፤ በዝናብ ወቅት ግን ሣሩን በእጃችሁ ዳስሳችሁ ካልደረቀ ጠብቁ።

ሠ. እየቆጠራችሁ አውጡ። በሩ አንድ ፍየል ብቻ የሚያሳልፍ፣ ወደ 60 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ይሁን። እርጉዞች በመቃኑ እንዳይጨፈለቁ ከኋላ አትግፉ።

ስትቆጥሩ በጠቅላላ አትቁጠሩ። በየወገኑ ቁጠሩ፦ እናቶች ስንት፣ ቄቦች (ገና ያልወለዱ ሴቶች) ስንት፣ ወጠጤዎች (ያልተኮላሹ ወንዶች) ስንት፣ ሙክቶች ስንት። አንድ ማታ ድምሩ ልክ ሆኖልኝ በሩን ዘግቼ ገባሁ። ጠዋት ሳይ የጎረቤት ወጠጤ ከእኔ መንጋ መሐል አድሮ ነበር፤ የእኔ አንዲት እናት ፍየል ሜዳ ቀርታለች። አላገኘኋትም። በየወገኑ ቆጥሬ ቢሆን ኖሮ ወጠጤዎቹ በአንድ በልጠው፣ እናቶቹ በአንድ ጎድለው ያኔውኑ ይታየኝ ነበር።

ደረጃ 4፦ መንገድ ላይ

ከፊት ሂዱ። መሪዋ እናንተን ትከተላለች፣ መንጋው እሷን። ረዳት ካለ ከኋላ ሆኖ የሚዘገዩትን ይሰብስብ እንጂ አይንዳ።

በማሳ አጠገብ ስታልፉ እናንተ በማሳውና በመንጋው መካከል ሁኑ፤ አትቁሙ፣ አትሩጡም።

መሪዋን መመለስ ስትፈልጉ አንድ ነገር እወቁ። ከትከሻዋ በስተኋላ በጎን ከቆማችሁ ወደፊት ትሄዳለች፤ ከትከሻዋ በስተፊት ከገባችሁ ትዞራለች። በደንብ ለማየት አንዷን ፍየል ጉረኖ ውስጥ ሞክሩባት። ራቅ ካለች ድንጋይ ከፊቷ፣ ጥቂት እርምጃ ቀደም ብሎ እንዲወድቅ ወርውሩ፤ የሚመልሳት የአወዳደቁ ድምፅ ነው። መንጋው መሐል አትወርውሩ፤ የተመታ ዓይን ላይድን ይችላል፣ የደነገጠ መንጋም ይበተናል።

ደረጃ 5፦ ማሰማሪያ ላይ

1. ሰብል ባለበት ወገን፣ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ቁሙ። ዛፍ ሥር ጀርባ ሰጥታችሁ አትቀመጡ።

2. ይዘርጉ። ፍየል ሲበላ መራራቁ ጤና ነው። የመጨረሻዋን ፍየል ማየት እስከቻላችሁ ድረስ አትሰብስቡ፤ በየደቂቃው የሚሰበሰብ መንጋ ሳይጠግብ ይገባል።

3. ወደ ቁጥቋጦ ምሯቸው። ከጉልበታቸው በላይ ያለውን ቅጠል ሲበሉ ከትሉ ይርቃሉ፤ አብዛኛው እጭ የሚገኘው ከመሬት እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ባለው የሣር ክፍል ላይ ነው። ሣሩ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲቀረው ቦታ ልቀቁ።

4. ቁጥቋጦው ሳያልቅ አንሱ። ከቅጠሉ ግማሽ ያህሉ ሲበላ መሪዋን ጠርታችሁ ወደ ፊት ሂዱ። ቅርፊት መላጥ ከጀመሩ ዘግይታችኋል፤ ቅርፊቱ ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ይደርቃል፣ የሚመጣው ዓመት መኖም አብሮ ይደርቃል።

5. ቦታ በቀየራችሁ ቁጥር ቁጠሩ። አንዷ ስትጎድል የምትፈልጉት አንድ ክፍል ብቻ እንዲሆን ነው።

ሲበላሽ፦ ሰብል ውስጥ ገቡ

ከኋላ እየጮኻችሁ አትሩጡ፤ ወደ ውስጥ ትገፏቸዋላችሁ። ማሳውን ዞራችሁ በወዲያኛው ወገን ግቡ፤ መጀመሪያ መሪዋን አውጡ፣ ከዚያ ጥሪውን አሰሙ። ከወጡ በኋላ ለባለማሳው ራሳችሁ ንገሩ፤ ከሌላ ሰው ከሚሰማው ከእናንተ ይስማ።

የበሉት እህል ከሆነ ሥራው አላለቀም። ብዙ እህል የበላች ፍየል ከሰዓታት በኋላ ሆዷ ውስጥ አሲድ ይበዛል፦ ትፈዛለች፣ ጥርሷን ታፋጫለች፣ የሚኮመጥጥ ሽታ ያለው ተቅማጥ ይይዛታል። ሕመሙ በግልጽ የሚታየው በማግስቱ ሊሆን ስለሚችል «ደህና ናት» ብላችሁ አትተኙ። እህልና ለምለም መኖ ከልክሉ፣ ድርቆሽ ብቻ ስጡ፣ ሐኪም ጥሩ። ሐኪሙ እስኪደርስ ለ 1 ኪሎ ክብደት 1 ግራም ያህል ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጣችሁ በዝግታ ማጠጣት ይቻላል።

ሲበላሽ፦ ሆዷ ተነፋ

ከግራ ጎኗ፣ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ኋላ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ሞልቶ እንደ ከበሮ ይወጠራል። ጊዜ የላችሁም።

- ከመኖው አርቋት፣ የፊት እግሯ ከፍ እንዲል ዳገት ላይ አቁሟት።
- ከ 100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር የምግብ ዘይት በጉንጯ በኩል ጥቂት ጥቂት እያላችሁ አጠጧት። አፍንጫዋ ከዓይኗ ከፍታ አይለፍ፤ ራሷ ወደ ላይ ከተቃና ዘይቱ ሳንባ ይገባል። ለግልገል ከ 20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ይበቃል።
- ለስላሳ እንጨት በአፏ አግድም አግቡላትና ታኝከው፤ ምራቅና ግሳት ያመጣል።
- ግራ ጎኗን እሹ፣ በዝግታ አስኪዷት።

ተጋድማ ለመዋጥ ካልቻለች ምንም አታጠጡ። ምላሷ ወጥቶ ለመተንፈስ የምትታገል ከሆነ የሚያስፈልጋት በቱቦ ወይም በመብሳት አየሩን የሚያወጣ ሐኪም ነው። በሰማችሁት ብቻ በቢላ አትብሱ።

ሲበላሽ፦ መርዝ የበላች መሰለ

አረፋ ማዝረክረክ፣ መንገዳገድ፣ መንቀጥቀጥ፣ ፈጣን አተነፋፈስ ካያችሁ መጀመሪያ የቀሩትን ከቦታው አውጡ። የታመመችውን አታስሩጡ፣ ጥላ አስይዟት። የበላችውን ተክል ቆርጣችሁ ያዙ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። ወተትም ሌላም ነገር በግድ አትጋቱ።

ሲበላሽ፦ ውሻ ወይም አውሬ ነከሳት

ፀጉር ቁስልን ይሸፍናል። አንገቷን፣ ጭኗንና ብብቷን በጓንት ፈትሹ፤ ትንሽ የምትመስል የጥርስ ቀዳዳ ከሥሯ ሥጋ የተበጣጠሰበት ልትሆን ትችላለች። በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ 15 ደቂቃ እጠቡ። የእብድ ውሻ በሽታ ስለሚያሠጋ የነከሳት ነገር ምን እንደሆነ ለሐኪም ንገሩ፤ እሱ እስኪፈቅድም ወተቷን አትጠቀሙ።

ደረጃ 6፦ ውሃና የቀትር እረፍት

መንጋውን በሁለት ወይም በሦስት ቡድን ከፍላችሁ አጠጡ። ባለቀንድና ጉልበተኞቹ ገንዳውን ስለሚይዙት ደካሞቹ «ጠጥተዋል» ተብሎ ሳይጠጡ ይመለሳሉ። ለደካሞቹ ለብቻ ጊዜ ስጡ።

ከዚያ ጥላ ውስጥ አሳርፏቸው። ይህ ሰዓት ለእረኛውም እረፍት ይመስላል፤ እኔ ግን ከቀኑ ሥራ ሁሉ በሽታን አስቀድሞ የሚያሳየው ይህ ነው እላለሁ። ሁሉም ተኝተው ሲያመሰኩ አንዷ ቆማ የምታይ፣ ወይም ተኝታ አፏ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ስሟን ጻፉ። ጠጋ ብላችሁ ጭብጣችሁን ግራ ጎኗ ላይ አሳርፉና አንድ ደቂቃ ቁጠሩ፤ የጤነኛ ፍየል ከርስ በደቂቃ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ጭብጣችሁን ይገፋል። ምንም ካልተሰማችሁ ከሰዓት በኋላ አታስኪዷት። ቴርሞሜትር ካላችሁ ለኩ፦ የፍየል ጤነኛ ሙቀት ከ 38.5 እስከ 39.5 ዲግሪ ገደማ ነው። ፀሐይና ጉዞ ከፍ ስለሚያደርገው ካረፈች በኋላ ይለካ፤ ያኔም ከ 40 ካለፈ ሐኪም ይስማ።

ሲበላሽ፦ ሜዳ ላይ ልትወልድ ነው

ቀን ተሳስታችሁ ይዛችኋት ወጥታችሁ ይሆናል። ከመንጋ ትነጠላለች፣ መሬት ትጭራለች፣ ትነሣለች ትተኛለች።

1. ሌሎቹን አርቁ፤ እሷን ሳትጠጉ እዩ። የሽርት ውሃው ከታየ በኋላ ሁለት የፊት እግሮች፣ በላያቸውም አፍንጫ ሲመጣ አመጣጡ ትክክል ነው። አትንኩ።

2. ለ 30 ደቂቃ በኃይል አምጣ ምንም ካልመጣ፣ ወይም አንድ እግር ብቻ፣ ወይም ጭራ ከታየ ሐኪም ጥሩ። በባዶ እጅ አትግቡ፤ ፍየልን የሚያስወርዱ አንዳንድ በሽታዎች ወደ ሰው ይተላለፋሉ። ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ በጓንትም ቢሆን አትቅረብ።

3. ግልገሉ ሲወጣ አፍንጫውንና አፉን በጨርቅ ጥረጉ፣ ለእናቱ አስጠጉት፣ ትላሰው። እትብቱን አዮዲን ውስጥ ንከሩ።

4. በ 1 ሰዓት ውስጥ እንገር ይጥባ። በመጀመሪያው 24 ሰዓት የክብደቱን 10 ከመቶ ያህል ማግኘት አለበት፤ 3 ኪሎ ለሚመዝን ግልገል 300 ሚሊ ሊትር ነው። የበሽታ መከላከያውን የሚያገኘው ከእንገሩ ነው፤ ከአንድ ቀን በኋላ አንጀቱ ያንን መቀበል ያቆማል።

5. ወደ ቤት ስትወስዱት ዝቅ አድርጋችሁ፣ በእናቱ አፍንጫ ትይዩ ያዙት፤ እያሸተተች ትከተላችኋለች። ትከሻችሁ ላይ ካወጣችሁት የጠፋባት መስሏት ወደ ወለደችበት ቦታ እየሮጠች ትመለሳለች።

እንግዴ ልጁ በ 12 ሰዓት ውስጥ ካልወጣ ሐኪም ይየው፤ አትጎትቱት። ሲወጣ ውሻ እንዳያገኘው ጥልቅ አድርጋችሁ ቅበሩት።

ደረጃ 7፦ መመለስ

ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ የጠፋች ለመፈለግ ብርሃን እንዲተርፍ አድርጋችሁ ተመለሱ። ሲመሽ መመለስ ማለት በጨለማ መፈለግ ማለት ነው። በር ላይ ጥሪውን አሰሙ፣ ጨው ስጡ፣ እንደ ጠዋቱ በየወገኑ ቁጠሩ።

እየገቡ ሳሉ የግራ ጎናቸውን፣ አረማመዳቸውንና የመንጋጋቸውን ሥር እዩ። ከመንጋጋ ሥር ውሃ እንደቋጠረ የሚለሰልስ እብጠት ካለ ደሟ በትል ማለቁን ጠርጥሩ። «ጠግባ ገብታ ጠዋት ሞተች» ከሚባሉት ብዙዎቹ ለሳምንታት ደማቸው ሲመጠጥ የቆየ ናቸው፦ አንድ ሺህ የጨጓራ ትል በቀን እስከ 50 ሚሊ ሊትር ደም ሊያጠፋ ይችላል። ከላይ ሲያዩዋት ሆዷ ሙሉ ነው፣ ፀጉሯም ሊያምር ይችላል። የሚያጋልጣት ዓይኗ ነው።

ዓይን መፈተሽ

በዝናብ ወቅት በየሁለት ሳምንቱ፣ በደረቅ ወቅት በየወሩ፣ በቀን ብርሃን አድርጉት። በአንድ አውራ ጣት የላይኛውን የዓይን ቆብ በቀስታ ጫን አድርጉ፣ በሌላው የታችኛውን ወደ ታች ሳቡ፤ ብቅ የሚለውን የውስጥ ሽፋን ቀለም እዩ። ቀይ ከሆነ ደህና ናት። ሮዝ ከሆነ በቅርብ ተከታተሏት፤ ግልገል፣ እርጉዝ ወይም የከሳች ከሆነች ግን አክሟት። ነጣ ያለ ወይም ወረቀት የመሰለ ከሆነ ዛሬውኑ ትታከም።

ቀያዮቹን አታክሙ። መንጋውን ሁሉ በየጊዜው መድኃኒት ማጠጣት ትሉን ያለማምደዋል። ክብደቱን ገምታችሁ አሳንሳችሁ መስጠትም እንዲሁ። በሚዛን መዝኑ። የበግን መጠን ለፍየል አትውሰዱ፤ ፍየል ብዙ የትል መድኃኒቶችን ከበግ ፈጥና ከሰውነቷ ስለምታስወጣ መጠኑን ሐኪም ይወስን። ወተቷና ሥጋዋ ለስንት ቀን እንደማይበላ ጠይቃችሁ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ።

ሲበላሽ፦ አንዷ ጎደለች

1. የገቡትን መጀመሪያ ዝጉ። አንዷን ለመፈለግ ሃያውን ክፍት ትቶ መሄድ የተለመደ ጥፋት ነው።
2. የትኛዋ እንደሆነች ለዩ። እርጉዝ ከሆነች ለመውለድ ተነጥላለች፣ ፀጥ ያለ ቁጥቋጦ ሥር ፈልጉ። ወጠጤ ከሆነ የሌላ ሰው መንጋ ተከትሏል። ግልገል ከሆነ ተኝቶ ቀርቷል።
3. ለመጨረሻ ጊዜ ልክ ሆና ወደተቆጠረችበት ክፍል ሂዱ። የዛፍ መንታና የአጥር ቀዳዳ ተመልከቱ፤ ቀንዷ ወይም እግሯ ተይዞ ሊሆን ይችላል።
4. ለግልገል ከሆነ እናቱን በገመድ ይዛችሁ ሂዱ። እናንተ ብትጣሩ ዝም ይላል፤ እሷ ስትጮህ ይመልሳል።
5. በየመቶ እርምጃው ቆማችሁ ጥሪውን አሰሙ፣ ከዚያ ዝም ብላችሁ አድምጡ። እየተጣሩ መሄድ መልሱን ያፍናል።

ደረጃ 8፦ ማደሪያውና የቀሩት

ጉረኖው ደረቅ፣ አየር ከራሳቸው በላይ የሚዘዋወርበት፣ ለአንድ ትልቅ ፍየል 1.5 ካሬ ሜትር ያህል የሚደርስ ይሁን። ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት ወለል ከሠራችሁ የክፍተቱ ስፋት 1.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሁን፤ በጠጡ ይወርዳል፣ የግልገል እግር አይገባም። አውራው ለብቻው ይደር። ወንድ ግልገሎችን ከ 3 ወር ጀምሮ ለዩ፤ ሳትጠረጥሯቸው እህቶቻቸውን ሊያስረግዙ ይችላሉ።

ሰኮና ከ 6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ እዩ፤ ድንጋያማ ቦታ የሚውሉት ራሱ ይሞረድላቸዋል፣ ለስላሳ መሬት ላይ የሚውሉት መከርከም አለባቸው። ሮዝ ቀለም ስታዩ አቁሙ፤ ከዚያ በኋላ ደም ነው።

በሩን ዘግታችሁ ከመግባታችሁ በፊት አራት ነገር ጻፉ፦ የየወገኑን ቁጥር፣ የዋሉበትን ክፍል፣ ቀትር ላይ ያላመሰኳችውን ስም፣ ከአውራ የተገናኘችና የወለደች ካለች ቀኑን። አውራ የፈለገች ፍየል ካላረገዘች ከ 18 እስከ 22 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ እንደገና ትፈልጋለች፤ ቀኑ ተጽፎ ካለ በዚያ ሳምንት አውራውን ከመንጋ ጋር ማውጣት አለማውጣታችሁን ቀድማችሁ ትወስናላችሁ። ነገ ጠዋት በሩ ላይ መጀመሪያ የምታዩዋት ዛሬ ስሟ የተጻፈችውን ነው።